አስተዳደራዊ ወጪ የተባለው ሹፌር

አንዋር አብደላ ሱቅ ውስጥ ተወልዶ ሱቅ ውስጥ አደገ ቢባል ማጋነን አይሆንም። አባቱ ገና በጉርምስናቸው ከስልጤ ወጥተው ወላይታ ሶዶ ገበያ ዳር የሰፈሩ፣ ስኳርና ጨው በጅምላ የሚያከፋፍሉ ነጋዴ ነበሩ። ልጁ ቤት ውስጥ ስልጢኛ፣ ትምህርት ቤት አማርኛ፣ ከደንበኛ ጋር ወላይትኛ እያወራ አደገ። ሦስት ቋንቋ የቻለው ልጅ አንድ ነገር ግን አቃተው፤ ሚዛን ፊት መቀመጥ። ጠዋት ያስቀመጡት ወንበር ላይ ረፋዱን አይገኝም። ወይ ከጫኝና አውራጆች ጋር ጆንያ ሲሸከም፣ ወይ ከአይሱዙው ሥር ተጋድሞ ብሎን ሲያጠብቅ ያገኙታል።

«ይሄ ልጅ ወንበሩ ላይ እሾህ አለበት» ይሉ ነበር አባቱ።

እናቱ ዛራ ደግሞ «ተወው፤ መንገድ የወደደ ልጅ መንገዱን ጠግቦ ይመለሳል» እያለች ታበርዳቸዋለች።

አልተመለሰም። መንጃ ፈቃዱን እንዳወጣ የአባቱን አይሱዙ ይዞ ሁምቦ ቆላ ድረስ ጨው ማድረስ፣ ሲመለስ በቆሎ መጫን ጀመረ። የትኛው ወንዝ ደመና ባየ ቁጥር እንደሚሞላ፣ የትኛው ዳገት ጭነት እንደማይወድ በዚያው ተማረ።

ሁለት ሺህ ዓመተ ምሕረት ላይ የበልጉ ዝናብ ቀረ። ዘግይቶ ሲመጣም ለሣሩ እንጂ ለሰው አልደረሰም። ስኳር ድንቹ መሬት ውስጥ እንዳለ ጠወለገ። ከመኪና ላይ ሆኖ ለሚያይ አገሩ አረንጓዴ ነው፤ ቤት ገብቶ ላየ ግን ድስቱ ባዶ ነው። አንዋር በዚያ ዓመት ጨው ይዞ ወርዶ ሳይሸጥ ተመለሰ። ጨው የሚገዛው ወጥ ያለው ሰው ነዋ። ያን ሰሞን አንድ የእርዳታ ድርጅት ሶዶ ቢሮ ከፍቶ ሹፌር ሲፈልግ ያላንዳች ማመንታት ሄዶ ተመዘገበ።

አባቱ ተቆጡ። «የራስህን መኪና ትተህ የሰው መኪና ልትነዳ ነው?»

«አባባ፣ የእኛ መኪና ባዶውን ነው የሚመለሰው። የእነሱ ሙሉ ሆኖ ይወርዳል።»

አባቱ የአይሱዙውን ቁልፍ ተቀብለው ኪሳቸው ከተቱት።

ሥራው እንዲህ ነበር። ማክሰኞ በመጣ ቁጥር ላንድክሩዘሯ አልሚ ምግብና መድኃኒት ጭና ከሶዶ ትነሳለች። ውስጧ ሲስተር አባይነሽ አለች፤ አማርኛ ብቻ እያወራች ያደገች የሶዶ ልጅ፣ የቃለ ሕይወት ቤተ ክርስቲያን ዘማሪ፣ ሳቋ ከሩቅ የሚሰማ ነርስ። ከአርባ ምንጩ መንገድ ተገንጥለው፣ አቧራውን ጠጥተው፣ ሻፋ ጋጣ የሚባለው የቆላ ቀበሌ ሲደርሱ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ሰብለ እናቶቹን አንድ ትልቅ ግራር ሥር ሰብስባ ትጠብቃቸዋለች። ከዚያ ልጅ ይመዘናል፣ የክንዱ ውፍረት ይለካል፣ እግሩ ያበጠ እንደሆነ በጣት ተጭኖ ይታያል። የከሳው የሳምንት ምግቡን ይዞ ከእናቱ ጋር ወደ ቤቱ ይሄዳል። የባሰበት በዚያችው መኪና ሶዶ ወጥቶ ሆስፒታል ይተኛል።

አንዋር ሹፌር ነው፤ ይሁን እንጂ መኪና ውስጥ ተቀምጦ ሬድዮ ሲሰማ ያየው የለም። ሚዛኑን ከግራሩ ቅርንጫፍ የሚሰቅለው እሱ ነው። ልጁ ሚዛኑ ላይ ተንጠልጥሎ ሲያለቅስ ፊቱን አጨማዶ የሚያስቀው እሱ ነው። «ከሚዛን ሸሽቼ ሚዛን እዚህ ድረስ ተከትሎኝ መጣ» እያለ ሲስተርን ያስቃታል። ካርቶን ያወርዳል፤ ያረፈደችውን እናት ሄዶ ከመንገድ ያመጣል፤ ሰብለ ወላድ ቤት ተጠርታ ስትሄድ የሲስተርን አማርኛ ወደ ወላይትኛ የሚመልሰው እሱ ነው። እናቶቹ «ታ ኢሻዉ» ይሉታል፤ ወንድሜ ማለት ነው። ከእነሱ መካከል እታፈራሁ የምትባል፣ ባሏ ጩማ ለቀን ሥራ ወደ ጥጥ እርሻ የወረደባት ሴት ነበረች። በዚያ በመጀመሪያው ዓመት ራሱን የሳተ የበኩር ልጇን ሶዶ ያደረሰላት አንዋር ነው። ልጁ ዳነ። ከዚያ ወዲህ ማክሰኞ በመጣ ቁጥር ለአንዋር የተጠበሰ በቆሎ በኮባ ጠቅልላ ትመጣለች፤ በቆሎ በሌለበት ጊዜ ባዶ እጇን ትመጣና ታፍራለች።

እንዲህ እያለ ዓመታት አለፉ።

የካቲት 2004 ላይ የፕሮጀክቱ ኃላፊ አቶ ቦጋለ ሠራተኞቹን ቢሯቸው ጠሩ። አቶ ቦጋለ ክፉ ሰው አይደሉም። ክፉ ቢሆኑ ለአንዋር ይቀለው ነበር።

«የመንግሥት መመሪያ መጥቷል» አሉ። «ከእንግዲህ ከበጀታችን ከመቶው ለአስተዳደር ማዋል የምንችለው ሠላሳውን ብቻ ነው። ሰባው በቀጥታ ለተጠቃሚው መድረስ አለበት።»

«ጥሩ አይደል እንዴ?» አለች ሲስተር አባይነሽ። «ለሕፃናቱ ይበዛላቸዋል ማለት ነው።»

«ጥሩ ነበር። ችግሩ አስተዳደር የሚባለው ነገር ነው። መኪና አስተዳደር ነው። ነዳጅ አስተዳደር ነው። የመስክ አበልም፣ ሥልጠናም እዚያው ውስጥ ነው የተቆጠረው።» አቶ ቦጋለ ቀና ብለው አንዋርን አዩትና ዓይናቸውን ወደ ጠረጴዛው መለሱ። «ሹፌርም።»

አንዋር ያልሰማ መሰለው። «እኔ?»

«አንተ።»

«እኔ እኮ ጋሼ፣ ቢሮ ገብቼ እንኳ አላውቅም። ምኑን ነው የማስተዳድረው?»

የሳቀ ሰው አልነበረም። አቶ ቦጋለ ግንባራቸውን አሹ። የሶዶ ቢሮ ኪራይ፣ የሒሳብ ሠራተኛዋ ደመወዝ፣ የመብራቱና የስልኩ ወጪ ሠላሳውን ጠርጎ እንደሚበላው፣ ለመኪናና ለሹፌር የሚተርፍ እንደሌለ እየደጋገሙ አስረዱ።

«ታዲያ ምግቡ በምን ይወርዳል?» አለች ሲስተር።

«ወረዳው መኪና ባገኘ ጊዜ ያደርሳል ተብሏል።»

«ወረዳው ያለችው አንዲት ፒካፕ ናት። እሷም ወይ ስብሰባ ናት ወይ ጋራዥ።»

«ሲስተር፣ መመሪያውን እኔ አይደለሁም ያወጣሁት።»

መኪናዋ በዚያው ሳምንት ከቢሮው ጀርባ ሸራ ለበሰች። አንዋር ቁልፉን አስረክቦ ወደ አባቱ ሱቅ ተመለሰ። አባቱ «እንኳን ደህና መጣህ» ከማለት በቀር ያሉት ነገር የለም፤ ልጃቸው የተናደደ ቀን መናገር እንደማይወድ ያውቃሉ።

የሚያቃጥለው ነገር ግን ገና መምጣቱ ነበር። ለአስተዳደር የተከለከለው ወጪ ለተጠቃሚ መዋል ስላለበት ድርጅቱ አልሚ ምግብ በገፍ ገዛ። በሶዶው መጋዘን ካርቶኑ እስከ ጣሪያው ተደረደረ። ለአንዋር ይህን የነገረችው ራሷ ሲስተር አባይነሽ ናት። መጋቢት አጋማሽ ላይ መናኸሪያ አጠገብ አገኛት፤ የቻለችውን ያህል ካርቶን በገመድ አሳስራ የአርባ ምንጭ መኪና ረዳት እየለመነች ነበር።

«ምን እያደረግሽ ነው ሲስተር?»

«ተጠቃሚውን በቀጥታ እያገኘሁት ነዋ» አለች። እየሳቀች አልነበረም። «ረዳቱ ለዕቃው አስከፍሎ ጣሪያ ላይ ይጭንልኛል። መገንጠያው ላይ ያወርደኛል። ከዚያ ጋሪ ካገኘሁ በጋሪ፣ ካጣሁ በእግሬ። ባለፈው የደረስኩት ፀሐይዋ ከአናት ካለፈች በኋላ ነው። ከሻፋ ጋጣ ወዲህ ካለችው ቀበሌ አላለፍኩም።»

«ሻፋ ጋጣ ማን ይሄዳል ታዲያ?»

ረዳቱ ካርቶኑን ጣሪያ ላይ ወረወረው።

አንዋር የዚያን ቀን ሱቅ ገብቶ ስኳር የለካላቸው ሰዎች ሁሉ ያጎደለባቸው መስሏቸው ተጣሉት። አመሻሽ ላይ ከአባቱ ፊት ቆመ።

«አባባ፣ አይሱዙውን ለማክሰኞ ስጠኝ።»

አባቱ ሰዓታቸውን ፈተው ጠረጴዛ ላይ አስቀመጡ። «ነዳጁስ?»

«ከደመወዜ።»

«ደመወዝ መቼ እከፍልሃለሁ እኔ?» አሉ አባቱ። ቆይተውም «ማክሰኞ የገበያ ቀን አይደለም። ውሰድ» አሉት።

መኪናው ተገኘ፤ ካርቶኑ ግን ከመጋዘን አልወጣም። አቶ ቦጋለ ላብ በላብ ሆነው «በግል መኪና ንብረት አላስወጣም» አሉ።

«በነፃ ነው የምጭነው ጋሼ።»

«እሱ ነው ችግሩ። የነፃ ትራንስፖርት እርዳታ ነው፤ እርዳታ ከሆነ መመዝገብ አለበት። ከየት መጣ ይሉኛል። ከተመዘገበ ደግሞ ትራንስፖርት ነው፣ ወደ አስተዳደር ይገባል። ኦዲተር ሲመጣ ምን ልበለው?»

አንዋር ነገሩን እያሰላሰለ ቤቱ ደረሰ። የሰው ልጅ በአንድ በኩል ይራባል፤ በሌላ በኩል ምግቡ ጣሪያ ነክቶ ተቀምጧል፤ መካከል ላይ ያለው መንገድ ብቻ ነው፤ መንገዱን ደግሞ ወጪ ብለው ሰርዘውታል። ለእናቱ ይህን ሲነግራት ዛራ አልገባትም። «ምግብ ገዝቶ አለማድረስ ምን ይባላል?» አለችው።

በመጨረሻ ሲስተር መላ አገኘች። የወረዳውን ጤና ጣቢያ ኃላፊ ለምና ጤና ጣቢያው ምግቡን ከመጋዘን ተረከበ እንዲባል አደረገች። ከመጋዘኑ በር ከወጣ በኋላ በማን መኪና እንደሄደ አቶ ቦጋለን የሚጠይቃቸው የለም። እሳቸውም ፈረሙና ካርቶኑ ሲጫን ላለማየት ወደ ቢሯቸው ገቡ።

አይሱዙው ሻፋ ጋጣ ሲደርስ ግራሩ ሥር ሴቶች ተቀምጠው ነበር። አንዋር ገረመው፤ እንደሚመጡ ለማንም አልተነገረም። ሰብለ ከመኪናው ጋር እየሮጠች ደረሰች፤ ፊቷ ገርጥቷል።

«ማን ነገራቸው?» አላት።

«ማንም አልነገራቸውም። ማክሰኞ ነው አይደል? ማክሰኞ በመጣ ቁጥር ይመጣሉ። እስኪመሽ ተቀምጠው ይሄዳሉ።»

«መኪናው እንደቀረ አልነገርሻቸውም?»

«ለእኔስ ማን ነገረኝ?» አለች ሰብለ። «ኔትወርክ የለ። መብራት የለ። ዝናቡ ነው ያስቀረው አልኩ። ከዚያ መኪናው ተበላሽቶ ነው አልኩ። ከዚያ የምለው አለቀብኝ።»

አንዋር ያን ጊዜ ነገሩ ሙሉ በሙሉ ገባው። መኪናው መቅረቱን ለመናገር የሚወርድም መኪና አልነበረም። ሶዶ ላይ ሁሉም ሰው ሰምቶ፣ ተወያይቶ፣ ግንባሩን አሽቶ፣ ነገሩን ለምዶት ነበር። ያልሰሙት ልጆቻቸውን አዝለው የመጡት ብቻ ናቸው።

ሚዛኑን ሰቀለ። ሲስተር እየለካች፣ ሰብለ እያከፋፈለች፣ እሱ ልጆቹን እያነሳ እያወረደ ሠሩ። ክብደታቸው ከወትሮው የቀለለው ብዙ ነበሩ። እታፈራሁን ዓይኑ ሲፈልጋት ቆየ። ከሴቶቹ ኋላ፣ ከግራሩ ጥላ ወጣ ብላ ፀሐይ ላይ ተቀምጣ አገኛት። ጀርባዋ ላይ ልጅ የለም።

«ታናሺቱስ?» አላት በወላይትኛ።

ታናሺቱ ልጅ ታደለች ትባላለች፤ አንዋር ከወራት በፊት ፊቱን አጨማዶ ሲያስቃት ሚዛኑን ይዛ አለቅም ያለች ልጅ።

«እግሯ አብጦ ነበር» አለች እታፈራሁ። «ማክሰኞ ይዣት መጣሁ። አልመጣችሁም። ወደ መንገዱ ይዣት ልወጣ ነበር። ሰዎቹ ‹ነገ ይመጣሉ፣ መንገድ ላይ ትተላለፋላችሁ› አሉኝ። ነገም ጠበቅኩ። በቀጣዩ ማክሰኞም ይዣት መጣሁ።» በባዶ ጀርባዋ ላይ ነጠላዋን አጠበቀች። ቀጥላም «ታ ኢሻዉ፣ አንተ የምትቀር ሰው አይደለህም ብዬ ነው» አለችው።

ስትወቅሰው አልነበረም። እንዲያውም እንዳይከፋው የሰጋች ትመስል ነበር። አንዋር አጠገቧ አፈር ላይ ቁጭ አለ። እውነቱን ነገራት፤ መኪናው አልተበላሸም፣ ዝናብም አላስቀረውም፣ ሶዶ ቆሟል፣ ምግቡም ሶዶ ነበር አላት። እታፈራሁ ትኩር ብላ አየችው።

«ለምን?» አለችው።

ሊያስረዳት ሞከረ። በወላይትኛ ሲለው ከአማርኛው የባሰ ሆነ፤ አንድም ቃል ከአፉ ሲወጣ ሰው የተናገረው አልመስልህ አለው። ግማሹ ላይ ተወው።

ከዚያ በኋላ ማክሰኞ ማክሰኞ በአይሱዙው መውረዳቸውን ቀጠሉ። ክረምቱ ሲቃረብ አንደኛው ወንዝ ላይ የአይሱዙው አክስል ተሰበረና መኪናውም ቆመ። አባቱ ለጥገናው አልተቆጡም። ይሁንና ሱቁ የሚኖረው በዚያ መኪና ነው፤ ድጋሚ ይውረድ ማለት አልቻሉም፣ አንዋርም ሊጠይቃቸው አልደፈረም።

ሰኔ ላይ ሶዶ ውስጥ ባለ አንድ አዳራሽ የድርጅቶች የሥራ አፈጻጸም ግምገማ ተደረገ። አንዋር የተጠራ ሰው አልነበረም። ለስብሰባው የታዘዘውን ውኃና ለስላሳ ከሱቁ ያመጣው እሱ ነው። ሳጥኑን በጓሮ በር ሲያስገባ፣ መድረክ ላይ ያለው ከላይ የመጣ እንግዳ የእነ አቶ ቦጋለን ድርጅት በስም ጠርቶ ሲያመሰግን ሰማ። ለተጠቃሚው የሚያውለውን ወጪ በአንድ ዓመት ከፍ አድርጓል፤ ለሌሎች አርአያ ነው ተባለ። ተጨበጨበ። አቶ ቦጋለ ሁለተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጠው ወለሉን ያያሉ።

አንዋር ሳጥኑን አስቀመጠና እጁን አወጣ። ሰብሳቢው አስተናጋጅ መስሎት «ቆይ፣ ሻይ ዕረፍት ላይ» አለው።

«ለሻይ አይደለም። እኔ የዚያ ድርጅት ሹፌር ነበርኩ።»

አዳራሹ ዞር ብሎ አየው። ሊናገር ያሰበው ብዙ ነበር፤ ሰው ሁሉ ሲያየው ግን ግማሹ ከአፉ ጠፋ። ምግቡ መጋዘን እንደነበር፣ እናቶቹ ግራር ሥር ይጠብቁ እንደነበር፣ አንዲት ልጅ እንደሞተች ተናገረ። ስሟንም ጠራ።

እንግዳው አልተቆጣም። «ወንድሜ፣ ሐዘንህ ይገባኛል» አለ። «ግን እስቲ በእውነት ንገረን። በድሃ ስም የመጣ ገንዘብ በዘመናዊ መኪናና በሐይቅ ዳር ሆቴል ሲያልቅ አላየህም?»

አንዋር አይቷል። የትልልቆቹን ኃላፊዎች መኪና ሐዋሳ ሆቴል በር ላይ ሲጠብቅ የዋለበት ቀን ብዙ ነው።

«አይቻለሁ» አለ። «የሆቴሉን መኪና አቁሙት። ቆላ የሚወርደውን ለምን አቆማችሁት? ሆቴሉ ስብሰባ ተብሎ ዛሬም አለ። የቀረው የእኛ መኪና ነው።»

«መመሪያ ለአንድ መኪና አይወጣም» አለ እንግዳው። «አስተያየቱ ተይዟል።» ሰብሳቢው ሰዓቱን አየና ወደሚቀጥለው አጀንዳ አለፈ። አንዋር ባዶ ሳጥኑን ይዞ ወጣ። ምሳ ሰዓት ላይ አቶ ቦጋለ ሱቅ ድረስ መጥተው ከበሩ ላይ ቆሙ። የሚናገሩት ያለ መሰሉ፤ ግን ክብሪት ገዝተው ሄዱ። ሲጋራ አያጨሱም ነበር።

በዓመቱ ፕሮጀክቱ ተዘጋ። ላንድክሩዘሯ ለአንድ መሥሪያ ቤት ተሰጠች፤ አንዋር አንዳንድ ቀን አዳራሽ በር ላይ ቆማ ያያታል። ሲስተር አባይነሽ ከተማ የግል ክሊኒክ ገባች። ሰብለ ሻፋ ጋጣ ቀረች።

መንግሥት ለየወረዳው አምቡላንስ ሲያድል አንዋር ተወዳድሮ ሹፌር ሆነ። አባቱ በዚህ ጊዜ አልተቃወሙትም። አምቡላንሷ አዲስ ናት፣ ጥሩ ናት፤ ብዙ ወላድ አድርሷል። ነገር ግን የነዳጁ በጀት ዓመቱን ሳያጋምስ ያልቃል። ሲያልቅ አምቡላንሷ ጤና ጣቢያው ግቢ ትቆማለች፤ ተጨማሪ በጀት እስኪፈቀድ ትቆያለች። አንዋር ከአባቱ ወዳጆች ከነጋዴዎቹ፣ ከመስጊዱም ከቸርቹም እየለመነ የቻለውን ቀን ያስነሳታል። ያልቻለ ቀን ግን ሌላ የሚያደርገው ነገር አለ። መገንጠያው ድረስ በታክሲ ይሄድና ከዚያ በእግሩ እስከ ሻፋ ጋጣ ይወርዳል። በየደረሰበት መንደር፣ በየቤተ ክርስቲያኑ በር፣ በየገበያው እየቆመ በወላይትኛ ይናገራል። «በዚህ ሳምንት መኪና የለም። ነዳጅ አልቋል። ምጥ የያዛት ሴት ካለች አምቡላንስ አትጠብቁ፤ ቃሬዛ አዘጋጁና ቶሎ ውጡ።»

ይህ ወሬ ወረዳ ደረሰ። የቅርብ አለቃው አስጠራው።

«የመንግሥትን ስም እያጠፋህ ነው የሚል አስተያየት መጥቷል» አለው። «ነዳጅ አልቋል ብለህ በየገበያው ታውጃለህ አሉ።»

«አላለቀም እንዴ?»

«አልቋል። እሱ የውስጥ ጉዳይ ነው። ሕዝቡ ለምን ይደናገጣል?»

አንዋር የሻፋ ጋጣን ግራር ሊነግረው አሰበ። አለቃው አዲስ ነው፤ ከሌላ ወረዳ ተዛውሮ የመጣ ወጣት ነው፤ ያን ዘመን አያውቅም። ግን አልነገረውም። ልጅቷን ማስረጃ አድርጎ ማቅረብ አንዴ ሞክሮ ያየው ነገር ነው።

«ደመወዜን መቅጣት ትችላለህ» አለው። «መናገሩን ግን አልተውም። መኪና ከሌለ የለም እላለሁ።»

አለቃው የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ሰጠው። አንዋር ፈርሞ ተቀበለ። በማግስቱ አምቡላንሷ እንደቆመች ነበረች፤ እሱም ጫማውን አጥብቆ አስሮ ወደ ቆላው ወረደ።